እንዶድና የመስከረም ፀሐይ

የኢትዮጵያ የዘመን ቍጥር ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍል ከፍለው፥ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ክረምት፥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ያለውን በጋ፥ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ጸደይ ብለው ሰይመውታል። በዚህ ሥርዐት መስከረም ከጸደይ ወራት አይቈጠርም፤ የሚበዛው ቀኑ እንዲያውም ገና የክረምት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ አደይ አበባ ፈክቶ፥ ሜዳው ለምልሞ፥ ሰማዩ ተገልጦ ባየ ጊዜ መስከረምን ጸደይ ብሎ መጥራት ለምዷል። ስሙ የሊቃውንት ክርክር ይሁን፤ በነገሩ ግን ክርክር የለም። የዝናቡ ጕልበት ሲደክም፥ በደጋውና በወይና ደጋው አገር ሁሉ በአጥር ላይ፥ በቍጥቋጦ ላይ፥ በሣር ላይና በገመድ ላይ ነጭ ሸማ ተሰጥቶ ይታያል። እንቍጣጣሽና መስቀል በንጹሕ ልብስ እንዲከበሩ፥ ክረምቱን ሙሉ የተከማቸው እድፍ በአንድ ሰሞን ይወጣል።

ልብስ አጥቦ ማስጣት የዕለት ሥራ ስለ ሆነ፥ ታሪክ አለው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የነገሥታት ዜና ሲጻፍ ንጉሡ የለበሰው ይነገራል እንጂ ልብሱን ያጠበው ሰው አይነሣም። ነገር ግን ሥራውን ለሚመረምር ሰው፥ በውስጡ የቋንቋ ታሪክ፥ የበሽታና የመድኀኒት ታሪክ፥ የንግድም ታሪክ ተሰውሮ ይገኛል። ከሁሉም ይልቅ ከወንዝ ዳር አጣቢዎች ዘንድ የተገኘ አንድ ዕውቀት በዓለም ሊቃውንት ፊት የቀረበበት ታሪክ አለ። ይህ ጽሑፍ ያንን በቅደም ተከተል ያወሳል፤ በጽሑፉ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የወራቱን ነገር መረዳት ይገባል። ልብስ በክረምት የማይደርቀው ፀሐይ ስለምታንስ ብቻ አይደለም። አየር ከእንስራ ጋራ ይመሳሰላል፤ ከመጠኑ በላይ ውኃ አይዝም። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ በእርጥበት ሞልቶ ስለሚውል፥ ከልብሱ የሚነሣው ተን የሚገባበት ስፍራ ያጣል። ስለዚህ በክረምት የታጠበ ጋቢ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰጣ እንኳ እርጥበቱ ሳይለቀው ይሰነብትና ሽታ ይይዛል፤ ይሻግታልም። ከጥር ወዲያ ደግሞ አየሩ ደርቆ ልብስ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ነገር ግን ምድሪቱ ስለተራቈተች ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ የጸዳውንም ነጭ መልሶ ያሳድፈዋል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ወራት ከሁለቱም ጉዳት የራቀ ነው። የወንዙ ድፍርስ ይጠራል፤ ውኃው ገና አልጐደለም፤ መሬቱን ሣር ስለ ሸፈነው አቧራ አይነሣም፤ ፀሐይና ነፋስም አብረው ይገኛሉ። በከፍተኛው አገር የፀሐይ ብርሃን ይበረታል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና፥ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ከቈላው ይልቅ ስስ ነው።

በክረምት ልብስ ሳይታጠብ መሰንበቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰው ከብርድና ከዝናብ ሸሽቶ በአንድ ቤት ተጠጋግቶ ሲያድር፥ ልብሱም ሳይታጠብ ሲቈይ፥ ቅማል ይበዛል። በቅማል የሚተላለፈው እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት በኢትዮጵያ በክረምት የሚበረታው በዚሁ ምክንያት ነው። የቅማልን ክፋት በማስረጃ ካረጋገጡት ሊቃውንት አንዱ ሻርል ኒኮል የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በቱኒስ ከተማ ሳለ፥ የተስቦ በሽተኞች ወደ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የሚያገኛቸውን ሰው በበሽታው ሲያስይዙ፥ ታጥበው የለበሱት ልብስ ከተወሰደ በኋላ ግን አጠገባቸው የተኛውን እንኳ እንደማያስይዙ አስተዋለ። ከዚህም በመነሣት በ1909 ዓ.ም. በሽታው በቅማል እንደሚተላለፍ በምርመራ አስረዳ፤ ስለዚህም ሥራው በ1928 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገሩ በአጭሩ ሲነገር፥ በሽተኛውና ጤነኛው የተለዩት በመታጠቢያው ደጃፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

ስለ ፀሐይም እንዲሁ ነው። በ1877 ዓ.ም. ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፥ ረቂቅ ሕዋሳት የሚራቡበትን ፈሳሽ በብርጭቆ ቱቦ አድርገው፥ ግማሹን ለፀሐይ አሰጡት፤ ግማሹን ግን በእርሳስ ሸፍነው ከብርሃን ከለሉት። የተሸፈነው ደፈረሰ፤ ፀሐይ ያየው ግን ጠርቶ ቀረ። የፀሐይ ብርሃን ረቂቅ ሕዋሳትን እንደሚገድል በዚህ ታወቀ። የኢትዮጵያ ባለቤት ሴት ጋቢውንና አልጋ ልብሱን በመስከረም አውጥታ ፀሐይ ስታሳየው፥ ምክንያቱ በእነዚያ ሊቃውንት ዘንድ ከመጻፉ በፊት ጥቅሙን በልማድ ታውቀው ነበር።

ወደ ቋንቋው ስንመለስ፥ ቃላቱ ራሳቸው የታሪክ ምስክሮች ናቸው። በግእዝ ልብስን ማጠብ ኀፀበ ይባላል፤ ኀ ወደ አ፥ ፀም ወደ ጠ ተለውጠው በአማርኛ አጠበ ሆነ። መዘርጋትም በግእዝ ሰጥሐ ይባላል፤ የመጨረሻው ሐ ጠፍቶ በአማርኛ ሰጣ ሆነ። ከዚህ ቃል ስጥ ይወጣል፤ ይኸውም በፀሐይ እንዲደርቅ በሰሌን ወይም በቍርበት ላይ የተዘረጋው እህል ነው። ልጅም ዶሮና ወፍ እንዳይበላው ስጥ ጠብቅ ይባላል። እንግዲህ አማርኛ ለእህልና ለልብስ አንድ ግስ አለው ማለት ነው፤ ሁለቱም ይሰጣሉ። የግሱ ምሥጢር በምድር ላይ መዘርጋት እንጂ በገመድ ላይ ማንጠልጠል አይደለም። ዛሬ ልብሱ በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ሰው ሁሉ ልብሱ ተሰጣ ይላል እንጂ ተንጠለጠለ አይልም። ይህ አነጋገር ገመድ በኋላ የመጣ እንግዳ መሆኑን፥ የቀደመው ማስጫ ግን ሣርና ድንጋይ፥ ቍጥቋጦና አጥር እንደ ነበረ ያመለክታል።

ይህም ልማድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በትንቢተ ኢሳይያስ በምዕራፍ 7ና በምዕራፍ 36፥ በኢየሩሳሌም በላይኛው ኵሬ መስኖ አጠገብ የልብስ አጣቢ እርሻ የሚባል ስፍራ ተጠቅሷል። ስፍራው በእርሻ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጣቢ ውኃና ሰፊ ሜዳ በአንድነት ይሻልና፥ ያጠበውን የሚዘረጋበት መሬት ከሌለው ውኃው ብቻ አይጠቅመውም። የግሪኩ ባለ ቅኔ ሆሜሮስም በኦዲሴያ በስድስተኛው ክፍል ናውሲካ የተባለችው የንጉሥ ልጅ ከደንገጡሮችዋ ጋራ ወደ ወንዝ ወርዳ ልብስ እንዳጠበች ይተርካል። ልብሱን ያጠቡት በእግራቸው እየረገጡ ነው፤ ያሰጡትም ባሕር ባጠበው ጠጠር ላይ ነው። በኢትዮጵያም ሸማ በወንዝ ዳር በእግር ሲረገጥ ያየ ሰው፥ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መዘርጋቱንም ያስተዋለ፥ የዚያ ዘመን አጠባ በዐይኑ ፊት እንዳለ ያህል ይረዳዋል።

በኢትዮጵያ የአጠባው ዋና መሣሪያ እንዶድ ነው። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በአጥር ጥግና በጫካ ዳር የሚበቅል፥ ሌላ ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ቍጥቋጦ ነው። በትግርኛ ሽብቲ፥ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ብለው ሰይመውታል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ስለሚበቅሉ፥ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ነው። ጥቃቅኑ ፍሬ በዘለላ ተንጠልጥሎ ሳለ ይለቀማል፤ በፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ተወቅጦ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውኃ ሲበጠበጥ ብዙ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያወጣው በፍሬው ውስጥ ያለ ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው፤ ስሙም በላቲን ሳሙና ማለት ከሆነው ሳፖ ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

የአጠባውም ሥርዐት የታወቀ ነበር። ሸማው በእንዶድ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ እድፉ ሲርስ በድንጋይ ላይ ይረገጣል ወይም ይታሻል፤ በሚፈስ ውኃ ይለቀለቃል፤ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞ በመጠምዘዝ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ተዘርግቶ ይሰጣል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፥ ነጠላም ቢሆን ኵታም ቢሆን፥ በእንዶድ ሲታጠብ ሳይወይብ ይነጣል ተብሎ ይመሰገን ነበር። ጋቢ በአራት እጥፍ የተሠራ ስለ ሆነ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እርሱን ማጠብ የሚቻለው ፀሐይ ከማለዳ እስከ ማታ በምትውልበት ቀን ነው። እርጥብ ነጭ በብርሃን ሲውል ደግሞ ከመድረቅ ያለፈ ጥቅም ያገኛል፤ ብርሃኑ ከአየሩና ከውኃው ጋራ ሆኖ፥ አረፋ ያላወጣውን የእድፍ ቀለም ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ስለዚህ እንዶድ የጀመረውን የሚፈጽመው ፀሐይ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነበር? ብዙ ሰው ልብስ ማጠብ ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ይመስለዋል። የታሪክ ምስክር ግን ሌላ ይናገራል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የእስኮትላንድ ተጓዥ በ1770 ዓ.ም. ጐንደር ገብቶ እስከ 1771 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሩ ተቀመጠ፤ የጕዞውንም ታሪክ በአምስት መጽሐፍ በ1790 ዓ.ም. አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ስለ አገሩ ልማድ ሲጽፍ፥ ወንድ ውኃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር እንደማይገባው፥ የወንዱንም የሴቲቱንም ልብስ ማጠብ ግን የእርሱ ድርሻ እንደ ሆነ፥ ሴቶችም በዚህ ሥራ እንደማይረዱት ይመሰክራል። ምንም እንኳ የአንድ እንግዳ ምስክርነት ለአገሩ ሁሉ ሕግ ባይሆን፥ በወንዝ ዳር ሸማ መርገጥ የወንድ ጕልበት ይጠየቅበት እንደ ነበረ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሥራው በብዙ ስፍራ ወደ ሴቶች እጅ ተሻገረ። በከተማም የሰው ልብስ እያጠቡ በቀን ምንዳ የሚኖሩ ሴቶች በዙ፤ የብዙ ልጆች ቀለብና የትምህርት ወጪ የወጣው ከእነዚህ እጆች ነው። እንግዲህ የሴት ሥራ ነው የወንድ ሥራ ነው የሚባለው ነገር እንደ ልብሱ ፋሽን የሚለዋወጥ እንጂ ከፍጥረት የተሰጠ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአውሮፓም ነጭ ልብስ ከሜዳና ከፀሐይ ጋራ የተሳሰረ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር የሐርለም ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ ከሌላ አገር ሳይቀር የተልባ እግር ጨርቅ ወደዚያ እየተላከ ይነጣ ነበር። ጨርቁ በአመድ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በኮመጠጠ የወተት አሬራ ይነከራል፤ ከዚያ በኋላ በሣር ላይ ተዘርግቶ ውኃ እየተረጨ ለፀሐይ ይሰጣል። ሥራው ከጸደይ መግቢያ እስከ በጋቸው መጨረሻ ብዙ ወራት ይወስዳል። ያኮብ ፋን ራይስዳል የተባለው ሠዓሊ እነዚያን ሜዳዎች፥ ጨርቁ በረጅሙ ተዘርግቶ ሳለ፥ ከከተማይቱ ጋራ በሥዕል አስቀርቷቸዋል።

ኋላ ግን ኬሚስቶች የፀሐይን ሥራ የሚያሳጥር መንገድ ፈለጉ። በ1756 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሆም የተባለው የእስኮትላንድ ሐኪም በአሬራው ፈንታ በውኃ የቀጠነ የድኝ አሲድ እንዲገባ አሳየ። በ1785 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ቤርቶሌ ክሎሪን የሚባለው ነገር ጨርቅን እንደሚያነጣ አስረዳ። በ1799 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ቴናንት በግላስጎው ክሎሪኑን በኖራ ይዞ በዱቄት መልክ ለመሸጥ የባለቤትነት መብት አገኘ። ብዙ ወራት ይፈጅ የነበረው ማንጣት በቀናት የሚያልቅ ሆነ፤ ሜዳዎቹም ለሌላ ሥራ ተለቀቁ። ዛሬ በኢትዮጵያ በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና የዚያ ግኝት ዘር ነው። ስሙ ከጣልያንኛው ቫሬኪና የመጣ ነው፤ ጣልያንኛውም በበኩሉ በፈረንሳይኛ የባሕር አረም ማለት ከሆነው ቫሬክ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ከዚያ አረም አመድ ለአጠባ የሚሆን ሶዳ ይወጣ ነበርና።

ከተማ ሲሰፋና ሣር ሲጠፋ ማስጫው ከምድር ወደ አየር ወጣ። ሜዳ የሌለው ሰው በሁለት ግድግዳ መካከል ገመድ ወጠረ። ገመድ ሲመጣ ነፋስ ልብሱን እንዳይጥለው የሚይዝ ነገር አስፈለገ፤ በ1853 ዓ.ም. በአሜሪካ በቬርሞንት ክፍል ዴቪድ ስሚዝ የተባለ ሰው በሁለት እንጨትና በሞላ የሚሠራውን መቆንጠጫ አውጥቶ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። በኢትዮጵያም የከተማው ግቢ ሲጠብ፥ የባሕር ዛፍ ምሰሶና ሽቦ የሣሩን ስፍራ ያዙ፤ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ሲበዛ ደግሞ ማስጫው ወደ በረንዳ ወጣ። በመሬት ላይ የተሰጣ ልብስ አንድ ፊቱን ብቻ ለፀሐይ ይሰጣል፤ በገመድ ላይ ያለው ግን ነፋስ በሁለት ወገን ስለሚያገኘው ይፈጥናል። ሆኖም ገመድ ሸማውን በአንድ መስመር ስለሚወጥረው፥ ከባድ ጋቢ በውኃው ክብደት እንዳይጐተት ብልኅ አጣቢ እጥፍ አድርጋ ታሰጣዋለች፤ ጥለቱም ቀለሙን እንዳይለቅ ከብርቱ ፀሐይ ወደ ጥላ ታዞረዋለች።

ከገመዱ ጋራ ሳሙናም በየቤቱ ገባ። በመጀመሪያ በቊራሽ የሚሸጠው ሳሙና፥ ኋላም ኦሞ እየተባለ የሚጠራው የዱቄት ሳሙና ገበያውን ያዘ። ሳሙና መልቀም፥ ማድረቅና መውቀጥ አያስፈልገውምና ሰው ቢመርጠው አያስደንቅም። እንዶድ ግን ቀስ በቀስ የድኻና የገጠር ሰው ዕቃ ተብሎ ተናቀ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለው ሆነ። ወርቅነቱ የተገለጠው ግን በአጋጣሚ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ፥ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደ። ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ካገኘው ከጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ ዕድሜውን በሁለት ቤት ይፈጽማል፤ በአንድ ወገን በሰው ሰውነት፥ በሌላው ወገን በወንዝ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ። ከቀንድ አውጣው የወጣው ረቂቅ ትል በውኃው እየዋኘ የሰውን ቈዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ለመዋኘት የሚገባ ልጅ፥ ውኃ የምትቀዳ ሴት፥ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ልብስ ማጠብ ከአንዱ በሽታ የሚያድን ሲሆን፥ ወደ ሌላው የሚያገባ ደጅም ሆኖ ይገኝ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመለከት፥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቍልቍል የሞቱ ቀንድ አውጦች ከሌላው ስፍራ በዝተው አገኘ። አጣቢዎቹንም ጠየቀ፤ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጦች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ ቢያስጨምርበት፥ ቀንድ አውጦቹ ወዲያውኑ ሞቱ። ልብሱን የሚያነጣው አረፋ ለበሽታው ማደሪያ የሆነውን ፍጥረት የሚገድል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አጣቢዎቹ ሳያውቁት፥ የቆሙበትን ውኃ ከእነርሱ በታች ላሉት ሰዎች ያነጹ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ጋራ እንዶዱን በትጋት አጠና። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው የተለየው ገዳይ ነገር ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ፤ ፈረንጆቹ ለማ የሚለውን የቤተ ሰብ ስም አድርገው ስለ ወሰዱት፥ መርዙ በአባቱ ስም ተጠራ። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በዐድዋ በወንዞቹ ላይ እንዶድ እየተጨመረ ሙከራ ተደረገ። ሙከራው ሲጀመር ከመቶው 63 የነበረው የበሽተኛ ቍጥር፥ ሲፈጸም ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶው 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ዶክተር ለገሠም ከብዙ ዐይነት እንዶድ ኀይለኛውንና ፍሬያማውን ሲመርጥ ቆይቶ፥ ዐይነት 44 የተባለውን ለእርሻ የሚሆን አድርጎ አወጣ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ እንዶድ በዓለም ገበያ ስፍራ ለማግኘት ብዙ ተቸገረ። በፋብሪካ የተሠራው የቀንድ አውጣ መርዝ አስቀድሞ ገበያውን ይዞ ነበር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው በአፍ የሚወሰድ መድኀኒትም በ1970ዎቹ ተገኝቶ፥ የሕክምናው ዋና መንገድ ሆነ። እንዶድም ነቀፌታ አልጠፋበትም፤ ለቀንድ አውጣ እንደሚከፋ ለዓሣም ይከፋልና በዘፈቀደ ወደ ውኃ የሚጨመር አይደለም። የሆነ ሆኖ በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት በአንድነት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ይህም ከዐድዋው ቀን በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በ1988 ዓ.ም. ታይቶ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ቅርፊት እንዶድ እንደሚገድል ታወቀ፤ ከዐድዋ ወንዝ የተነሣው ዕውቀትም ውቅያኖስ ተሻገረ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሊቃውንቱ ስም አለ፤ የተቋማቱ ስም አለ፤ የሽልማቱም ስም አለ። በዚያ ቀን በወንዙ ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ስም ግን ታሪኩ ሲተረክ አይነሣም። ይህን መናገር የሊቁን ክብር መቀነስ አይደለም። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ አልፏል፤ ቆሞ ያስተዋለና የጠየቀ ግን እርሱ ነው። የመጠየቅ ክብር የእርሱ ነው፤ እንዶዱን መርጦ፥ ለቅሞ፥ አድርቆ፥ ወቅጦ፥ ልኩን ለይቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ክብር ደግሞ የአጣቢዎቹ ነው። አጣቢዎቹ ባይኖሩ ሊቁ የሚያየው ነገር ባልነበረ፤ ሊቁ ባይመጣ ደግሞ አጣቢዎቹ የያዙት በአረፋው ፈስሶ በቀረ። በብሩስ ዘመን ወንዱ፥ በዐድዋ ሴቲቱ፥ ሁለቱም የአንድ ትምህርት ቤት ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ ያ ትምህርት ቤት ግን መዝገብ አልነበረውም።

መዝገብ የሌለው ዕውቀት የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ እድፍ በአንድ አጠባ አይወጣም፤ እንደ ጥለት ቀለም ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዛሬ በከተማ ያደገ ልጅ እንዶድን በስም እንጂ በቅጠሉ የማያውቀው ብዙ ነው። የትኛው ወንዴ፥ የትኛው ሴቴ እንደ ሆነ፥ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፥ ለአንድ ጋቢ ስንት እፍኝ እንደሚበቃ የሚናገሩት አረጋውያንና አሮጊቶች ናቸው። እነርሱ ሳሉ ጠይቆ መጻፍ፥ ከቅኔና ከድጓ ትምህርት ያነሰ ሥራ ተደርጎ መቈጠር አይገባውም፤ ዐድዋ ላይ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ የስንት ሕፃን ጤና እንደ ጠበቀ ታይቷልና።

መስከረም ሲጠባ ፀሐይ እንደ ልማዷ ትወጣለች፤ ሸማውም በሣር ላይ ይሁን በገመድ ላይ ይሰጣል። ሳሙናው ከሱቅ ቢመጣም፥ ማጠቢያው መኪና ቢሆንም፥ ማድረቂያው በአብዛኛው ቤት ያው የጥንቱ ፀሐይና ነፋስ ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ እሳትም አይነድበትም። በዚያ ሰሞን በአጥር ላይ ነጭ ነጠላ ተሰጥቶ የሚያይ ሰው፥ ነጭነቱን ብቻ አድንቆ አይለፍ፤ ያጠበውንም እጅ ያስብ፤ ቢቻለው ስሙን ይጠይቅ።